የእሁዱ የፒንግ ፖንግ ትርኢት

ወንድሜን ፒንግ ፖንግ ያስተማሩት የአባቴን የስፌት መኪና የሚጠግኑ ሰው ናቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ውስጥ በሰው በረንዳ ላይ፣ በኪራይ መኪና ሥራ ጀመረ፤ እኛ ነፍስ ስናውቅ ግን ከእህል በረንዳ ጀርባ የራሱ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የምንኖረውም ከሱቋ በስተኋላ ባለችው ክፍል ነበር። ልጆቹ ሁለት ነን፣ ወንድሜና እኔ። እሱ ታላቄ ነው። መኪናው ክር ሲበጥስ ወይም መርፌ ሲሰብር ሰውየው ይጠራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ዘይት ዘይት የሚሸቱ ሰው ነበሩ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን።

ጋሼ በጊዜያቸው የታወቁ ተጫዋች እንደነበሩ ራሳቸው ተናግረው አያውቁም። የሰማነው ከሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ግን ወንድሜ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በካርቶን ቁራጭ፣ የተሰነጠቀች ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያመላልስ አዩት። መፍቻቸውን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱትና «እጅህ ጥሩ ነው፤ እግርህ ግን የሞተ ነው» አሉት። በማግስቱ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱት። እኔም ተከተልኩ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አባቴ ዘንድ ቁልፍ እየተከልኩ የምውልበት ጊዜ ነበር።

አዳራሹ ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር፤ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። የጠረጴዛው አንድ እግር በጡብ ተደግፏል። መረቡን የወጠረው መያዣ ምን አለሽ ተራ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። በመስኮቱ ከውጭ የጤፍ ብናኝ ስለሚገባ ልምምዱ የሚጀመረው ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ በመወልወል ነበር። «አቧራ ላይ የነጠረች ኳስ ትዋሻለች» ይሉናል ጋሼ፣ ጨርቁን እየወረወሩልን።

ለረጅም ጊዜ ኳስ አላስመቱንም። መጀመሪያ አያያዝ ነው። «ራኬቱን ጨብጪው፣ ሰው ሰላም እንደምትዪ። ጣቱን ግን አትስበሪበት!» ቀጥሎ አቋቋም። ጉልበት ሸብረክ፣ ደረት ወደፊት፣ ክብደት በእግር ጣቶች ላይ። ተረከዛችን መሬት መንካት አለመንካቱን ለማየት የአባቴን የልብስ መቁረጫ ወረቀት ከእግራችን ሥር ያሳልፋሉ። ወረቀቱ ከተያዘ እንደገና መቆም ነው። ከዚያ በመዳፍ በኩል መምታት፣ በእጅ ጀርባ በኩል መምታት፣ ገፋ አድርጎ መመለስ መጣ። አንዱን ክንዳችን እስኪዝል ካልደጋገምነው ወደ ሌላው አያሳልፉንም።

የኳስን መሽከርከር ያስረዱን በአባቴ መኪና መዘውር ነው። መዘውሩን በጣታቸው እየነዱ «ወደፊት ካሽከረከርሻት ወርዳ ትነክሳለች፤ ወደኋላ ካሽከረከርሻት ትለግማለች፤ ወደ ጎን ካሽከረከርሻት ትሸሻለች። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ ነው የሚወጣው» አሉን። አባቴ በመነጽሩ በላይ አይቷቸው «መኪናዋን ይጠግናሉ ወይስ ልጆቼን ያበላሻሉ?» ብሎ ሳቀ።

የወንድሜ የልምምድ ጓደኛ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እናቱ ከሱቃችን ጥቂት ዝቅ ብሎ በርበሬና ቅመም ይሸጡ ነበር፤ ባላቸውን በጊዜ ያጡ፣ ያንን አንድ ልጅ ይዘው የቀሩ ጉራጌ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ልጃቸውና ወንድሜ አብረው ፊደል የቆጠሩ፣ አብረው የተደባደቡ፣ በጾም በፍቺ በየቤታችን አብረው የሚበሉ ነበሩ። እሱ ግራኝ ነው። ጋሼ ግራኝ በመሆኑ ደስ አላቸው፤ ቀኝና ግራ ፊት ለፊት ሲቆሙ ኳሷ ሰፊ መንገድ ታገኛለች አሉ።

ሁለቱ መሠረቱን ጨርሰው የሚያስፈራቸው ተጋጣሚ በአካባቢው ሲጠፋ ጋሼ ጥበቡን አወጡላቸው። እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አሳይተውን አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ያሳዩን ኳሷ መረቡን ተሻግራ፣ አንድ ጊዜ ነጥራ፣ ማንም ሳይነካት በራሷ መረቡን ዘላ ወደ መቺው የምትመለስበትን ነው። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ልግመኛዋ ኳስ ናት» አሉት፣ «ከሥሯ በስሱ ቁረጣት፤ ሌላ ምንም የለውም።» ይህንን «ሌላ ምንም የለውም» የተባለ ነገር ለመያዝ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብን።

ከዚያ ብዙ ተማሩ። ከወገብ ኋላ መመለስ፣ ከመረቡ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ዞራ የምትገባ ኳስ፣ ከጠረጴዛው ርቆ ከግድግዳው ሥር ሆኖ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ እየላኩ መመለስ። ጓደኛውን በዚህ በመጨረሻው የሚችለው አልነበረም፤ ወንድሜ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይለጋዋል፣ እሱ ከግድግዳው ሥር ተረጋግቶ ከፍ አድርጎ ይመልስለታል። የወንድሜ ደግሞ የብርጭቆው ነበር። በጠረጴዛው ማዶ አራት የሻይ ብርጭቆዎች ይደፋሉ፣ በያንዳንዳቸው ላይ የክብሪት ቀፎ ይቀመጣል። እኔ ኳስ አቀብላለሁ። እሱ ብርጭቆውን ሳይነካ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። እኔ በዚህ ሁሉ አቀባይ ነበርኩ፤ ኳሷን በሚፈልጉት ቦታ፣ በሚፈልጉት ከፍታ የማስቀምጥላቸው እኔ ነኝ። ተመልካች አያየኝም። ጋሼ ግን አንድ ቀን ሁለቱን ቆመው እንዲሰሙ አድርገው «ጥበቡ ከሷ እጅ ነው የሚነሳው። እሷ ካሳተች እናንተ የላችሁም» አሏቸው። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየበረርኩ ነበር።

ይህ ደስታችን ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው የነበረው። በመጀመሪያ በስም ጥሪ ይወስዱ ነበር። በኋላ ስም የተጠራው ሁሉ ሲጠፋባቸው አፈሳ መጣ። ካሚዮን አንዱ መንገድ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ሌላው በሌላኛው፤ መሀል ላይ የተገኘ ወጣት ይጫናል። ተሸካሚው ጆንያውን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ የተወሰደበትን ቀን አይቻለሁ። ወንድሜ ከሱቅ መውጣት አቆመ። ጓደኛው አንድ ሰሞን ዘመድ ቤት፣ አንድ ሰሞን እናቱ ሱቅ ውስጥ ከበርበሬው ከረጢት ጀርባ ያድራል። በአዳራሹ ያለው ጠረጴዛ ብናኝ ጠጣ። የወጣት ድምፅ ከሰፈሩ ጠፋ ብል ማጋነን አይደለም።

በዚያ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴ ሱቅ መጣ። ጋሼም መኪና እየጠገኑ እዚያው ነበሩ። ወፈር ያለ፣ ሲናገር የሰው ክንድ የሚይዝ ሰው ነው። «ወጣቱ ፈርቶ ተደብቋል» አለ፣ «ይሄ ለሰፈሩም ስም ጥሩ አይደለም። እሁድ የስፖርት ትርኢት እናድርግ። ልጆቹ ያንን የብርጭቆ ምናምን ያሳዩ።»

ጋሼ መፍቻቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ይፈራሉ እኮ።»

«አዳራሽ የመጣን ማን ይነካል? እኔ አለሁ አይደል?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጥ ነው አልኩዎ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከበላይ እንግዳ ስለሚመጣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አራዝሙት።»

ጋሼ እንደገና ጠየቁት። እንደገና መለሰላቸው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ መርፌ ይሰካ ነበር። ሰውየው ሲወጣ «እንቢ ብንልስ?» አለ። ጋሼ «እንቢ የሚባል ሰው ነው?» አሉት። በዚሁ አለቀ።

ወሬው በየቤቱ ደረሰ። ልጆቹ ለወራት ተቆልፎባቸው ስለነበር መውጣት ናፍቋቸው ነበር። እናቶችም አዳራሹ ቅርብ ነው፣ ሊቀመንበሩ ቃል ሰጥቷል ብለው ለቀቋቸው። እትዬ ልጃቸው ነጭ ሸሚዙን እንዲለብስ አተኮሱለት።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የተንጠለጠለ ሁሉ ነበር። ጋሼ ከመሠረቱ ጀመሩ። ካኪ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ በዚያ ዘገምተኛ ድምፃቸው፣ ራኬት እንዴት እንደሚያዝ አሳዩ። ከታዳሚው አንዱን ልጅ ጠርተው አቋቋሙን አስተካከሉለት፤ ከተረከዙ ሥር ወረቀት ሲያሳልፉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወንድሜና ጓደኛው ቀስ ብለው፣ ሁሉም እንዲያይ፣ እያንዳንዱን አመታት አሳዩ። ጋሼ ከጎን ሆነው ያስረዳሉ፦ «እጁን እዩ፤ ከታች ወደ ላይ። አሁን ኳሷ ወርዳ ትነክሳለች። አያችሁ?» ሰው ሁሉ «አዎ!» ይላል።

ጥበቡ ሲጀመር ጩኸቱ ሌላ ሆነ። ተመላሿን ኳስ ሲያዩ ድገሙ፣ ድገሙ አሉ። በምን አለሽ ተራ የድስት ክዳን ተጫወቱ። በጫማ ሶል ተጫወቱ። ጓደኛው ወደ ግድግዳው አፈግፍጎ ኳሷን እስከ ጣሪያ ሲልክ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ዝም ይላል፣ ስትነጥር ይጮሃል። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ሲደሰት አላየሁም። አስራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ እንግዳው አልመጣም። ጋሼ ወደ ሊቀመንበሩ አዩ፤ እሱ በእጁ ቀጥሉ አላቸው።

ብርጭቆዎቹን ደፋሁ። ቀፎዎቹን አስቀመጥኩ። ወንድሜ ሁለቱን አንስቶ ለሦስተኛው ሲዘጋጅ ከውጭ የካሚዮን ድምፅ ሰማሁ። እህል በረንዳ ካሚዮን አይጠፋም፤ ግን እሁድ ነው። ቀና ስል የኋላው በር መቀርቀሪያው ገብቷል። በፊቱ በር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡ። ታዳሚው እንግዳው መጣ ብሎ አጨበጨበ። ያንን ጭብጨባ አልረሳውም። እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የአንድ ሰው ብቻ ሲቀር እሱም ቆመ።

«ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ አልጠነከረም፤ እንደ ተራ ማስታወቂያ ነው የተናገረው።

ልጃገረዶችን ወደ አንድ ጎን፣ ሽማግሌዎችን ወደ ሌላ ጎን ለዩ። ወንዶቹን በመስመር አቆሙ። በመስኮት ሊወጣ የሞከረውን በሰደፍ መለሱት። ወንድሜና ጓደኛው ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ራኬት እንደያዙ ቆመው ነበር። አንዱ ታጣቂ ሁለቱንም ሊወስድ ሲል ሊቀመንበሩ መጥቶ የወንድሜን ክንድ ያዘ። «ይሄ ይቅር። ያኛውን ውሰደው። ለትርኢት አንዱ ይበቃናል።»

ጋሼ መሀል ገቡ። «ጓድ፣ ቃል ሰጥተኸኝ ነበር እኮ! ቃል ሰጥተኸኝ ነበር!» ያን ጊዜ ነው ጋሼ አንቱታውን የተዉት። ታጣቂው ደረታቸውን ገፍቶ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው፤ ብርጭቆዎቹ ወድቀው ተሰበሩ። ወንድሜ «እኔንም ውሰዱኝ» ብሎ ተከተለ። በሩ ላይ መለሱት። ጓደኛው ዞር ብሎ አየንና ራኬቱን ለእኔ ወረወረልኝ።  ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ነበር።

ስንወጣ ደጁ በእናቶች ተሞልቷል። ካሚዮኖቹ ሄደዋል። እትዬ ነጠላቸው ወድቆ፣ እጃቸው በበርበሬ እንደቀላ፣ ወንድሜን አዩት።

«ልጄስ?»

«ወሰዱት እትዬ።»

«አንተስ?»

ወንድሜ በእጁ የቀረውን ራኬት አየ። እኔ ላስረዳ ጀመርኩ፤ እሳቸው ግን አይሰሙኝም። ከላይ እስከ ታች አይተውት ዞር አሉና ሄዱ። ዙሪያውን የነበሩት ሁሉ ያችን ጥያቄ ሰምተዋል። በማግስቱ በሰፈሩ መልሱን ያልያዘ አልነበረም፦ የልብስ ሰፊው ልጅ ማጥመጃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም። ሰዎች የሰጡንን ጨርቅ ሳይቆረጥ መልሰው ወሰዱ። እናቴ ቧንቧ ስትሄድ ወረፋው ላይ ያለ ሰው ዝም ይላል። በሱቃችን በር ላይ አንድ ጠዋት የተቀጠቀጠ ኳስ ተቀምጦ አገኘን። አባቴ አንስቶ ጣለው። ሰላት ሰግዶ ሲጨርስ ግን ከወትሮው አብልጦ ይቀመጥ ጀመር።

ጋሼ በየጠዋቱ ቀበሌ ይሄዱ ነበር። «ልጆቹን መልሱ፣ በእኔ ስም ነው የጠራችኋቸው» ይላሉ። መጀመሪያ ሳቁባቸው። በኋላ አሰሯቸው። ሲፈቱ የፊት ጥርሶቻቸው አልነበሩም፣ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶችም አይታጠፉም። ወደ አባቴ መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። «የሰው ልጅ ያስጨረስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አባቴ ተነስቶ በርጩማ አቀረበላቸው። «እርስዎ ምን ያውቁ ነበር? ይቀመጡ እባክዎ።»

ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው። አልጠጡትም። ከዚያ ወዲህ መኪና ለመጠገን ቢመጡም ስለ ፒንግ ፖንግ ሲናገሩ አልሰማሁም፤ በእነዚያ ጣቶች ጥገናውም አስቸገራቸውና እየቆዩ ቀሩ።

ወንድሜ ከሁላችንም ባሰበት። በየጠዋቱ ቀድሞ ተነስቶ ወደ እትዬ ሱቅ ይሄዳል፤ ከባዱን የብረት መዝጊያ ያነሳላቸዋል፣ ከረጢቶቹን ያወጣላቸዋል። ልጃቸው ይሠራ የነበረውን ማለት ነው። እሳቸው አይከለክሉትም፣ አያመሰግኑትም፣ አያዩትም። እንደ ነፋስ በአጠገባቸው ያልፋል። ማታም ሄዶ ይዘጋላቸዋል። እንዲህ ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ከዚያ ተመልሶ እኔ ካውያ የማግልበት ቦታ መጥቶ ቁጭ አለ።

«እሄዳለሁ» አለኝ።

«የት?»

«እሱ ያለበት።»

«እሱ ያለበትን ማን ያውቃል?»

«እነሱ ያውቃሉ። ሄጄ ስሜን እሰጣለሁ።»

ካውያውን አስቀመጥኩ። «አብደሃል? እናታችንን ልትገድላት ነው?»

«እዚህ ቆሜ ምን አደርጋለሁ? ሰው ሁሉ ሲያየኝ የሚያየው እሱን ነው። እኔም ራሴን በመስታወት ሳይ እሱን ነው የማየው።» ጣቶቹን ተመለከተ። «አንዱ ይበቃናል አለ እኮ። ሰምተሽዋል አይደል? እንደ ዕቃ።»

ለመንኩት። ለአባቴ እናገራለሁ አልኩት። ሳቅ አለና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ቆይ እስኪ፣ ዛሬ አይደለም» አለኝ። አመንኩት። ከሰዓት በኋላ ክር ሊገዛ ወጣ፤ ከዚያው ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። አባቴ ሰምቶ የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ላይ እንዳለ ሮጠ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሳይነሳ «ልጅህ በፈቃዱ የዘመተ ጀግና ነው፤ ኩራ እንጂ ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ መለሰው። ወንድሜ በዚያ ሰዓት በካሚዮን ላይ ነበር።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በእጇ ትመታ ነበር፣ ቀስ እያለች፣ ሳታቋርጥ። «ያ አላህ፣ ያ አላህ፣ ምን አደረግኩህ?» ትላለች። እትዬ ወሬውን እንደሰሙ አውቀናል። የዚያን ቀን ሱቃቸውን ቀድመው ዘጉ፤ መዝጊያውን ብቻቸውን ሲያወርዱ አየኋቸው። ወደ እኛ ግን አልመጡም።

ከወንድሜ አንድም ወሬ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል ጓደኛው ነው። በምርኩዝ ቆሟል፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከሆስፒታል ተሰናብቶ አውቶቡስ ተራ መውረዱ ነው፣ እናቱ ዘንድ እንኳ ገና አልደረሰም። ከመክሳቱ የተነሳ ጥርሱ ፊቱን ሞልቶታል። ስሜን ጠራ። ከዚያ ወደ ውስጥ እያየ፣ ሊስቅ እየዳዳው «እሱስ? ተኝቶ ነው?» አለኝ።

ምን ብዬ ልንገረው? አባቴ ነው የነገረው። «አንተን ፍለጋ ሄዷል» አለው።

«እኔን? የት?»

«አንተ ወዳለህበት።»

«እኔ ዘንድ አልመጣም እኮ» አለ። ደጋግሞ ተናገረው፣ እኛ የተሳሳትን ይመስል። «እኔ ዘንድ አልመጣም። ማንም አልነገረኝም። እሱ ቤት አለ እያልኩ ነው የተጽናናሁት።» ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ። የልብስ መደርደሪያውን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ወደተለያየ ግንባር ተልከው በአንድ ሰማይ ሥር መሆናቸውን እንኳ ሳያውቁ ኖረዋል። የወንድሜ መሄድ ለማንም አልበጀም።

በማግስቱ እትዬ መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ከኋላቸው ነበር። እናቴን «ልጅሽን በአንደበቴ የላክሁት እኔ ነኝ» አሏት። «አንዲት ቃል ናት ያልኩት። ግን እሷ ነች የወሰደችው።»

 «ከጎረቤት ጋር አልጣላም» አለች እናቴ። «ልጅሽም እንኳን አላህ መለሰልሽ። ዛሬ ግን አትቀመጪ። ዛሬ ላይሽ አልችልም።» እትዬ አንገታቸውን ደፍተው በርበሬውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እናቴ በርበሬውን አልነካችውም፤ እኔም አስገብቼ ሳጥን ላይ አኖርኩት።

መንግሥት በወደቀ ጊዜ ወታደሩ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ ፈሰሰ። እግራቸው ያበጠ፣ ጨርቅ የጠመጠሙ፣ በየአጥሩ ሥር የተቀመጡ፣ ዳቦ የሚለምኑ። አባቴ ሱቁን ለእኔ ትቶ በየቀኑ በመካከላቸው ይዞራል። የክፍለ ጦር ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የልጁን መልክ ብቻ ነው። ጓደኛው በምርኩዙ አብሮት ይሄዳል፣ ወታደሮቹን በወታደር ቋንቋ ይጠይቅለታል። አንድ ቀን አንድ ሰው ይዘው መጡ። ከደቡብ ተወስዶ የዘመተ ገበሬ ነው፤ ወደ አገሩ የሚሳፈርበትን ሲፈልግ ነው ያገኙት። ወንድሜን ያውቀዋል።

ውሃ ጠጣ። ከዚያ ሳይቸኩል ነገረን። ሲያፈገፍጉ ብዙ ቀን ያለ ውሃ ሄዱ። ወንድሜ በመንገድ ታመመ፣ ተቅማጥና ትኩሳት። ተሸክመውት ሄዱ። ከአንድ ዋርካ ሥር አረፈ፤ እዚያው ቀበሩት። ጥይት አልነካውም አለ፣ ይህ የሚያጽናናን መስሎት።

«ምን ይሠራ ነበር?» አለችው እናቴ። «እዚያ ሳለ ምን ይሠራ ነበር?»

«ዳቦ ነበር የሚጋግርልን፣ እናቴ። መሬት ቆፍሮ፣ በበርሜል ቆርቆሮ። የሱ ዳቦ አይረሳም።»

ወንድሜ ቤታችን ውስጥ እሳት አንድዶ አያውቅም። እናቴ ሰውየውን ትክ ብላ አየችው፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። እኔ መቻል አቃተኝና «ፒንግ ፖንግ ይጫወት ነበር? ነግሯችሁ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን?»

በእጄ አሳየሁት። አሰበ፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ደጋግሞ አሰበ። «አይ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አንስቶ አያውቅም። ዝምተኛ ነበር።» ጓደኛው ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ።

አስከሬን በሌለበት ተሰገደለት። ለቅሶው ላይ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ጨርቃቸውን መልሰው የወሰዱትም፣ ወረፋ ላይ ዝም የሚሉትም። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» እያሉ አለፉ። ጋሼ መጥተው ከወንዶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ሊቀመንበሩ ከመንግሥት ጋር ከሰፈሩ ጠፍቶ ነበር። የት እንደገባ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

እትዬ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ እንደዚያን ቀን በሩ ላይ ቆሙ፤ መግባት ፈሩ። ሴቶቹ ሁሉ እናቴን ተመለከቱ። እናቴ ዓይኗ አብጦ ነበር።  ምንጣፉ ላይ ሸርተት አለችና በአጠገቧ ቦታ ለቀቀች። «ነይ» አለቻት። «ነይ ተቀመጪ።» እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ ሰው ሲገባና ሲወጣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ተቀምጠው ነበር።